ምዕራፍ ሰባት፦ ቍጥር ግዘፍ ሲነሣ

ከጎተራ ማሳለጫ ተነሥቶ በሳሪስ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ፣ ወይም በመካኒሳና በለቡ አድርጎ እስከ ጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚዘልቅ መንገደኛ፣ ዕለቱ በተለይ የቅዳሜ ማታ የሆነ እንደ ሆነ፣ ጆሮው ከአንዱ ድምፅ ሳይላቀቅ በሌላው ይያዛል። ከልብስ መሸጫው ደጃፍ የተሰቀለው ሞንታርቦ የቅናሽ ዋጋ ሲያውጅ፣ ከአራተኛው ፎቅ መስኮት የጥላሁን ገሠሠ ዜማ ሲወርድ፣ ከሚኒባሱ ውስጥ የኳስ ጨዋታ ዘገባ ሲጮኽ፣ ከደብሩ ዐውደ ምሕረት ደግሞ መዝሙር ሲያስተጋባ፣ እነዚህ በመልእክታቸው የማይገናኙ ድምፆች ሁሉ ኃይላቸውን ከሰው ጉሮሮ ወይም ከክራር ጅማት ሳይሆን ከኤሌክትሪክ የተዋሱ መሆናቸውን፣ አብዛኞቹም ከጆሮ ከመድረሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ድምፅ ሳይሆኑ ቍጥር ብቻ እንደ ነበሩ የሚያስብ ብዙ አይገኝም። በዚህ ምዕራፍ የምንመረምረው ነገር እንግዲህ ሁለት ነው፦ በስልክ ወይም በፍላሽ ውስጥ የተከማቸው ረቂቅ ቍጥር እንዴት ተመልሶ የሚሰማ ድምፅ እንደሚሆን፣ ያም ድምፅ ሳሎን የሚሞላበትን ኃይል ከወዴት እንደሚያገኝ። በዘመናችን የተሠሩትን ነገሮች ዓመታት የጻፍሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ሠፈሩ ለዚህ ዐይነት ነገር እንግዳ አይደለም። የጣልያን ወረራ በተቃረበበት በ1935 የአገራችን የሬዲዮ ስርጭት ሲጀመር ጣቢያው የቆመው በንፋስ ስልክ እንደ ነበር ስለ ሬዲዮ ታሪክ የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ። በዚያን ጊዜ ግን በአየር ላይ የሚጓዘው ድምፅ ከተናጋሪው አፍ ሞገድ ሆኖ ተነሥቶ ከሰሚው ጆሮ ሞገድ ሆኖ የሚደርስ ነበርና፣ ቍጥር የሚባል ነገር በመካከሉ አልገባበትም። ዛሬ በዚያው ክፍለ ከተማ፣ በለቡ ሙዚቃ ሠፈር ይሁን በጎፋ፣ አንድ ወጣት ከስልኩ ወደ ጂፓሱ፣ ማለትም ወደ ተንቀሳቃሽ ድምፅ ማጉያው፣ በብሉቱዝ ዘፈን ሲልክ የሚሄደው የድምፁ ሞገድ ራሱ ሳይሆን ስለ ሞገዱ የተጻፈ መግለጫ ነው።

ድምፅ በጠባዩ የአየር መናወጥ ነው። የክራር ጅማት ሲመታ በዙሪያው ያለውን አየር እየገፋና እየሳበ አንድ ጊዜ ያጠብቀዋል፣ አንድ ጊዜ ያላላዋል፤ ይህም መጥበቅና መላላት እየተቀባበለ ሄዶ የጆሮን ታምቡር ሲያንቀሳቅስ «ሰማሁ» እንላለን። የጤናማ ወጣት ጆሮ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚመላለሰውን ንዝረት ይሰማል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ላይኛው ጠርዝ ቀስ በቀስ እየወረደ ይሄዳል። የቀደሙት የድምፅ መቅረጫዎች ሁሉ ይህን መናወጥ በቀጥታ በአምሳሉ የሚያስቀሩ ነበሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ያስቀረጻቸው ሸክላዎችም ሆኑ፣ አምኃ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው በአምኃ ሪከርድስ የታተሙት የእነ ዓለማየሁ እሸቴ ሥራዎች፣ መርፌው በሚሄድበት ቦይ ውስጥ የአየሩን መጥበቅና መላላት በመጠማዘዝ መልክ የያዙ ናቸው። ሸክላውን የተካው ካሴትም ያንኑ ነገር በማግኔት መበርታትና መድከም ያስቀምጠዋል። ጉድለታቸው አንድ ዐይነት ነው፤ ምስሉ በተገለበጠ ቍጥር ይደበዝዛል። ከጓደኛው ካሴት በሁለት ዴክ የገለበጠ፣ ከዚያም ግልባጭ ሌላ ግልባጭ ያወጣ ሰው፣ በሦስተኛው ላይ የዘፋኙን ቃል ያህል የካሴቱን የሽሽታ ድምፅ እንደ ሰማ ያስታውሳል።

የዲጂታሉ ዘዴ ከዚህ በመሠረቱ ይለያል። የሞገዱን ምስል ከማኖር ይልቅ፣ የሞገዱን ከፍታ በእኩል ጊዜ እየለካ የልኩን ቍጥር ብቻ ይጽፋል። በሲዲ ላይ በተሠራበት ሥርዓት ልኬቱ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይወሰዳል፤ ለግራ አንድ ጊዜ፣ ለቀኝም አንድ ጊዜ። እያንዳንዱም ልክ ዜሮና አንድ በሆኑ 16 አሃዞች ይጻፋል፤ ዐሥራ ስድስት እንዲህ ያሉ አሃዞች 65,536 የተለያዩ ደረጃዎችን መለየት ይችላሉና፣ የሞገዱ ከፍታ ከእነዚህ ደረጃዎች ለአንዱ ተጠጋግቶ ይመደባል። ቍጥር ደግሞ ሲገለበጥ አይደክምም፤ ሺህ ጊዜ የተገለበጠ አምስት አምስት ነው።

አንባቢ የዚህን ነገር አምሳያ በአገሩ ቢፈልግ ከቤተ ክርስቲያን አጸድ አልፎ መሄድ አያስፈልገውም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ማሕሌታይ ቅዱስ ያሬድ በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ የደረሰው ዜማ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል አደላደሉት ተብሎ እንደሚነገረው፣ ከቃሉ ፊደላት በላይ በሚሰፍሩ ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ጭረትና ርክርክ በመሳሰሉ ምልክቶች ተጽፎ ለትውልድ ተላልፏል። የድጓው ብራና ራሱ አይዘምርም፤ ሊቁ ምልክቱን አይቶ በጉሮሮው ሲመልሰው ግን ጽሑፉ ዜማ ይሆናል። በፍላሽ ውስጥ ያለው ዘፈንም እንዲሁ ገና ያልተዜመ ጽሑፍ ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱ ልዩነት ሊሰወር አይገባም። የድጓው ምልክት ከመምህር አፍ ለተማረው ሰው የዜማውን አካሄድ ያሳስበዋል እንጂ ላልተማረው ምሥጢሩን አይገልጥለትም፤ የዲጂታሉ ቍጥር ግን ትዝታና ትምህርት ሳይጠይቅ፣ ስለ ዜማ አንዳች የማያውቀው ማሽን እንኳ ሳይስት እንዲያነበው ሆኖ የተሟላ ነው። ከዚህ የተነሣ ማሽኑ ከሊቁ ይበልጣል የሚል ቢኖር ግን አልስማማም፤ ማሽኑ የሚመልሰው የተዘመረውን ነው፣ ሊቁ ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይዘምራል።

በዚህ ስፍራ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ሞገዱ ያለማቋረጥ የሚፈስ ሲሆን ልኬቱ ግን የተቆራረጠ ከሆነ፣ በአንዱ ልክና በሚቀጥለው መካከል የነበረው ድምፅ አልጠፋምን? ብዙ ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል የዕቃውን ነገር በሚገባ እናውቃለን የሚሉ ሸክላ ወዳዶች፣ ጠፍቷል ብለው ያምናሉ። የሒሳብ ሊቃውንት መልስ ግን ከዚህ የተለየ ነው። አሜሪካዊው ሃሪ ናይኲስት በ1928፣ ሩሲያዊው ቭላዲሚር ኮቴልኒኮቭ በ1933፣ በመጨረሻም ክሎድ ሻነን በ1949 በጻፏቸው ጽሑፎች ተደላድሎ የቆመው ሕግ እንደሚያስተምረው፣ አንድ ሞገድ በውስጡ ካለው ከፈጣኑ ንዝረት ከእጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ከተለካ፣ በነዚያ ነጥቦች ሁሉ ላይ ሊያልፍ የሚችለው፣ ከዚያ ወሰን በታች ያለ ሞገድ አንድና አንድ ብቻ ነው። ሌላ መንገድ ስለሌለው በነጥቦቹ መካከል ያለው ሁሉ ተወስኗል፤ ጠፋ የሚባል ነገር የለም። ጆሮ ከ20,000 በላይ ስለማይሰማ በሴኮንድ ከ40,000 በላይ የሆነ ልኬት ይበቃዋል። የሚጠፋው ነገር ያለው በጊዜው ሳይሆን በከፍታው ላይ ነው፤ ልኩ ወደ ቅርቡ ደረጃ ሲጠጋጋ የሚፈጠረው ጥቃቅን ስሕተት እንደ ስስ ሹክሹክታ ይሰማል፤ እርሱም በ16 አሃዝ ሲሆን ከትልቁ ድምፅ በ96 ዴሲቤል ገደማ ያነሰ ነው። ጀሞ ላይ መስኮት ከፍቶ የሚያዳምጥ ሰው ይህን ሹክሹክታ ሊሰማው አይችልም።

ለምን 44,100 ሆነ፣ 44,000 ወይም 45,000 ያልሆነው ስለ ምንድን ነው? ምክንያቱ ያን ያህል ክቡር አይደለም። በ1970ዎቹ ዓመታት ያን ሁሉ ቍጥር ሊይዝ የሚችል ርካሽ መሣሪያ የቪዲዮ መቅረጫ ብቻ ስለ ነበር፣ መሐንዲሶቹ ቍጥሮቹን በቴሌቪዥን ሥዕል መሥመሮች ውስጥ ሰገሰጓቸው። በአውሮፓ በአንድ መስክ፣ ማለትም በአንድ የሥዕል ግማሽ፣ 294 መሥመር፣ በእያንዳንዱ መሥመር 3 ልኬት፣ በሴኮንድ 50 መስክ፤ በአሜሪካና በጃፓን 245 መሥመር፣ 3 ልኬት፣ 60 መስክ፤ ሁለቱም ሲባዙ 44,100 ይሰጣሉ። በ1982 የኔዘርላንዱ ፊሊፕስና የጃፓኑ ሶኒ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላትን ሲዲ ለገበያ ሲያቀርቡ ይህን ቍጥር ይዘው ቀረቡ፤ ዓለምም እስከ ዛሬ በርሱ ይኖራል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በፈረንሳይ በሲዲ የታተሙት የ«ኢትዮፒክስ» ቅጾች የእነ ሙላቱ አስታጥቄንና የእነ ማሕሙድ አሕመድን የቀድሞ ቅጂዎች ለአዲስ አድማጭ ያደረሱት በዚህ የቍጥር ሥርዓት ነው።

የሁለቱን ጎን ልኬት አንድ ላይ ብናባዛው በሴኮንድ 1,411,200 አሃዞች ይሆናሉ። ይህን ያህል ጭነት ለስልክና ለኢንተርኔት ከባድ ስለ ነበር፣ በጀርመን ኤርላንገን በሚገኘው በፍራውንሆፈር ተቋም ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግና ባልደረቦቹ ኤምፒ3 የሚባለውን ማሳነሻ አዘጋጁ፤ ዘዴውም ጆሮ በኃይለኛ ድምፅ ተሸፍኖ ሊሰማው የማይችለውን ደካማ ድምፅ መርጦ መተው ነው። ብዙ ጊዜ በሚሠራበት በሴኮንድ 128,000 አሃዝ መጠን ዘፈኑ ከመጀመሪያው ዐሥራ አንድ እጅ አንድ ያህሉ ይሆናል። ከመርካቶ በሚሞሪ ካርድ ተሞልተው የሚመጡት ዘፈኖችና መዝሙሮች አብዛኞቹ በዚህ ወንፊት ያለፉ ናቸው፤ ጥፋት የሚኖር ከሆነም ያለው እዚህ ላይ ነው እንጂ በ44,100ው ላይ አይደለም።

አሁን ወደ መለወጫው እንምጣ። ቍጥርን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልሰው ይህ ክፍል ዛሬ ከምስር ቅንጣት እምብዛም በማይበልጥ ቺፕ ውስጥ የተሸሸገ ቢሆንም፣ የጥንቱ አሠራሩ በወረቀት ላይ ለመረዳት አያስቸግርም። ዐሥራ ስድስት ማብሪያ ማጥፊያዎችን እናስብ፤ የመጀመሪያው ሲበራ ከሙሉው ቮልቴጅ ግማሹን ይሰጣል፤ ሁለተኛው ሩቡን፣ ሦስተኛው ስምንተኛውን፣ እንዲህ እየገመሰ ሄዶ ዐሥራ ስድስተኛው ከ65,536 አንድ እጁን ብቻ ይጨምራል። ቍጥሩ ውስጥ አንድ የተጻፈበት ይበራል፣ ዜሮ የተጻፈበት ይጠፋል፤ የሁሉም ድምር የዚያች ቅጽበት ቮልቴጅ ነው። ይህ የሚሠራው በመሰላል አምሳል በተያያዙ፣ አንዱ የሌላው እጥፍ በሆኑ ሪዚስተሮች ነው። ችግሩ የት ላይ ነው? የመጀመሪያው ማብሪያ ግማሽ ሊሰጥ ሲገባው ከግማሽ በአንዲት ፍርፋሪ ቢያንስ፣ ያች ፍርፋሪ ዐሥራ ስድስተኛው ከሚሰጠው ሁሉ ትበልጥና ትንንሾቹን ደረጃዎች ትውጣቸዋለች። እንግዲህ የመጀመሪያው ማብሪያ ሪዚስተር ከ65,536 አንድ እጅ በማይሞላ ስሕተት መሠራት አለበት፤ ይህም በፋብሪካ ሲሠራ ዋጋውን ከባድ ያደርገዋል።

ፊሊፕስ በመጀመሪያ ማጫወቻዎቹ ላይ ያደረገው ነገር ስለዚህ የሚደነቅ ነው። በእጁ የነበረው መለወጫ የ14 አሃዝ ብቻ ሲሆን፣ በልኬቶቹ መካከል በሒሳብ የተገኙ ሦስት ሦስት ነጥቦችን አስገብቶ ፍጥነቱን በአራት እጥፍ ወደ 176,400 አሳደገው፤ በፍጥነቱም የአሃዞቹን ማነስ ካሰ። ከዚህ ሐሳብ የበለጠ የራቀውን መንገድ ግን በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሂሮሺ ኢኖሴና ያሱሂኮ ያሱዳ በ1962 ቀደም ብለው አሳይተውት ነበር። ዴልታ ሲግማ በሚባለው በዚህ ዘዴ ዐሥራ ስድስቱ ማብሪያዎች ቀርተው አንድ ወይም ጥቂት ብቻ ይበቃሉ፤ እርሱ ግን በሴኮንድ ሚሊዮን ጊዜ ይበራል ይጠፋል፣ ለምሳሌ የሲዲውን ፍጥነት 64 ጊዜ ብናባዛው 2,822,400 ጊዜ። ከፍ ያለ ቮልቴጅ ሲፈለግ መብራቱ ይበዛል፣ ዝቅ ያለ ሲፈለግ መጥፋቱ፤ የሁለቱ አማካይ ሞገዱን ይሰጣል። በዚህ ችኮላ የሚፈጠረው የስሕተት ጫጫታ ደግሞ በሒሳብ እየተገፋ ጆሮ ወደማይደርስበት ወደ ላይኛው ንዝረት ይሰደዳል። በዛሬው ስልክ፣ ቴሌቪዥንና ጂፓስ ውስጥ ያሉት መለወጫዎች አብዛኞቹ የዚህ ወገን ናቸው።

ከመለወጫው የወጣው ቮልቴጅ ገና ደረጃ ደረጃ ያለው ነው፤ በመጻሕፍት ላይ በደረጃ አምሳል የሚሣለውም ይኸው ነው። ሥዕሉን ያየ ሰው ጆሮውም ያን ደረጃ የሚሰማ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የደረጃዎቹ ጠርዝ የሚፈጥረው ንዝረት ሁሉ ከ22,050 በላይ ስለሆነ፣ ከመለወጫው በኋላ የተቀመጠው ማጣሪያ ይህን ላይኛውን ክፍል ሲቆርጠው ደረጃው ይለሰልስና ናይኲስትና ሻነን የተናገሩለት ያ አንድና ብቸኛ ሞገድ ይቀራል።

መለወጫው በቤታችን ወዴት ነው ያለው? ይህ እንደ አያያዙ ይለያያል። ስልኩ በጃክ ገመድ ከማጉያው ጋር ሲገናኝ ለውጡ የተፈጸመው በስልኩ ውስጥ ነው፤ በገመዱ የሚሄደው ሞገድ ነውና ገመዱ ሲያረጅ ይንጫጫል። በብሉቱዝ ሲሆን ግን ቍጥሩ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ በአየር ተሻግሮ የሚለወጠው በድምፅ ማጉያው ሆድ ውስጥ ነው፤ ከመሻገሩም በፊት እንደ ገና በሌላ ማሳነሻ ይጠበባል። አስቀድሞ ኤምፒ3 የነበረ ዘፈን በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ተጠብቦ ይሰማል ማለት ነው። ለአነስተኛ ጂፓስ ይህ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ጥሩ ድምፅ ማጉያ ገዝቶ በብሉቱዝ ብቻ የሚያዳምጥ ሰው ግን ከገዛው ነገር ጥቂቱን እየጣለ እንደሆነ ይወቅ።

እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ መልክ ነው፤ ኃይል ገና አልመጣም። ከሲዲ ማጫወቻ የሚወጣው ሞገድ 2 ቮልት ገደማ ነው፤ ይህም 10,000 ኦም ባለው የማጉያ መግቢያ ላይ ሲያርፍ የአንድ ሺህኛ ዋት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ድምፅ ማጉያውን በ50 ዋት ለማንቀሳቀስ ከዚያ 125,000 ጊዜ የሚበልጥ ኃይል ያስፈልጋል። ያ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ማጉያ ትንሹን ሞገድ ስቦ ወይም ነፍቶ የሚያገዝፈው ይመስለዋል፤ ይህ ግን ከቶ አይሆንም፣ ከምንም ኃይል አይወለድምና። ትንሹ ሞገድ በማጉያው ደጃፍ ቀርቶ አይገባም ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚሄደው የግቤ ወይም የዓባይ ውኃ ተርባይን አዙሮ ያመነጨው፣ በግድግዳው ሶኬት የመጣው ኮረንቲ ነው። ትንሹ ሞገድ ለዚያ ኮረንቲ መልክ ይሰጠዋል፤ ኮረንቲውም ለመልኩ ሥጋ ይሆነዋል። ቍጥሩ በእርግጥ ግዘፍ የሚነሣው በዚህ ስፍራ ነው።

ስለዚህ ከማጉያ ክፍሎች ሁሉ አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው የኃይል ክፍሉ ነው። ከሶኬቱ የሚመጣው 220 ቮልት በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ስለሆነ ትራንስፎርመሩ አስቀድሞ ያሳንሰዋል፤ አራት ዳዮዶች ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ያስገድዱታል፤ ነገር ግን ሲወጣ በሴኮንድ 100 ጊዜ እየዘለለ ነው። ይህን ዝላይ የሚያረጋጉት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ናቸው፤ በዝላዩ ጫፍ ይሞላሉ፣ በመካከሉ ያከፋፍላሉ። ማጉያ ያለ ዘፈን ዝም ብሎ «እም» የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ ይህ ባለ 100 ንዝረት ድምፅ ነው፤ ዕቃውን የሚከፍት ጠጋኝም መጀመሪያ የሚያየው ራሱ ያበጠ ካፓሲተር መኖሩን ነው። ማታ ሠፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መሥመሩ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ፣ በእንዲህ ዐይነቱ አሮጌ ማጉያ ውስጥ ያለው ቮልቴጅም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ ኃይል ደግሞ በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሚሄድ ከጉልበቱ ሲሶው ይጎድላል። በአዲሶቹ ዕቃዎች ውስጥ ያለው በፍጥነት እየቆራረጠ የሚያቀርብ የኃይል ክፍል ግን ይህን መውረድ በራሱ ያስተካክለዋል።

ኮረንቲውን በሞገዱ መልክ የሚቀርጸው ትራንዚስተር ነው። የቀደመው የማጉያ ቫኩም ቱቦ በ1906 በሊ ዲ ፎረስት ተፈልስፎ ሬዲዮንና ስልክን ለ40 ዓመት ካገለገለ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1947 በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ባርዲን፣ ብራቴይንና ሾክሊ ትራንዚስተርን ገለጡ። በሁለቱም ያለው ምሥጢር አንድ ነው፤ ትንሽ ኮረንቲ ወይም ቮልቴጅ የትልቁን መተላለፊያ ያሰፋል ያጠብባል። በተለመደው የቤት ማጉያ ሁለት ትራንዚስተሮች ሥራውን ይከፋፈላሉ፤ አንዱ የሞገዱን ላይኛ ግማሽ፣ ሌላው ታችኛውን ይይዛል። እያንዳንዱ ግን ለመንቃት ስድስት ዐሥረኛ ቮልት ያህል ስለሚፈልግ፣ ሞገዱ ከላይ ወደ ታች ሲሻገር ሁለቱም የሚያንቀላፉበት ቅጽበት ይፈጠርና ድምፁን ያሻክረዋል። መፍትሔው ዘፈን ባይኖርም ለሁለቱም ጥቂት ኮረንቲ ሁልጊዜ እየሰጡ ነቅተው እንዲቆዩ ማድረግ ነው፤ ማጉያው በባዶው የሚሞቀውም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ማጉያ እስከ መጨረሻው ቢሠራ እንኳ በሒሳብ ከተቀበለው ኃይል 78 ከመቶ ገደማውን ብቻ ለድምፅ ሊሰጥ ይችላል፤ በመካከለኛ ድምፅ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ በጀርባው ባሉት የአሉሚኒየም ክንፎች ይወጣልና፣ ማጉያን በቁም ሳጥን ዘግቶ ጥልፍ ያለበት ጨርቅ የሚያለብሰው ሰው ዕቃውን በፍቅር ያቃጥለዋል።

ትራንዚስተሮች እንደ ቱቦዎቹ ሁሉ በጠባያቸው ታማኝ አይደሉም፤ የተሰጣቸውን መልክ ያጣምማሉ። ይህን ያረመው ሐሳብ የመጣው ገና በቱቦው ዘመን፣ በጀልባ ላይ ነው። ሃሮልድ ብላክ የተባለ የቤል ቤተ ሙከራ መሐንዲስ በ1927 ሐድሰን ወንዝን በጀልባ ተሻግሮ ወደ ሥራው ሲሄድ በእጁ በነበረው ጋዜጣ ላይ የነደፈው ነገር ይህ ነው፦ ከማጉያው የወጣው ጥቂቱ ወደ መግቢያው ይመለስ፣ ከመጀመሪያው ሞገድ ጋር ይነጻጸር፣ የተገኘውም ልዩነት ተገልብጦ ራሱን እንዲያርም ይደረግ። ማጉያው ከጉልበቱ ይከፍላል፣ በምትኩ እውነተኛነትን ያገኛል። በዚህ ምዕራፍ ከተጠቀሱት ግኝቶች ሁሉ እኔ የማስበልጠው ይህን ነው።

በትንንሾቹ ጂፓሶች ውስጥ ያለው ማጉያ ግን ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ክላስ ዲ የሚባለው ነው። በእርሱ ትራንዚስተሩ ከሁለት አንዱን ብቻ ያደርጋል፤ ፈጽሞ ይከፈታል ወይም ፈጽሞ ይዘጋል፣ ይህንም በሴኮንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ። ሞገዱ ከፍ ሲል የመከፈቱ ጊዜ ይረዝማል፣ ዝቅ ሲል ያጥራል፤ በመጨረሻም አንድ ጥቅል ሽቦና አንድ ካፓሲተር ችኩሉን መብራትና መጥፋት አጣርተው አማካዩን ለድምፅ ማጉያው ያሳልፋሉ። ሲከፈት ቮልቴጅ አይቀርበትም፣ ሲዘጋ ኮረንቲ አያልፍበትምና ትራንዚስተሩ ብዙም አይሞቅም፤ ከተቀበለው ኃይል ከ90 ከመቶ በላይ ለድምፅ የሚሰጠው ለዚህ ነው። በእጅ የሚያዝ ባለ ባትሪ ዕቃ ሠርግ ሲያደምቅ ማየታችን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሸክላና የቱቦ ወዳጆች ይህን ማጉያ ሲንቁት እሰማለሁ፤ መብራት በሚሄድበትና ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት ከተማ ግን በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ክላስ ዲ ከሚፈጀው ኃይል ብዙውን ሙቀት አድርጎ ከሚያባክን ከባድ ማጉያ ይሻላል ብዬ እፈርዳለሁ።

በመጨረሻ ኃይሉ ከድምፅ ማጉያው፣ ማለትም ከስፒከሩ ይደርሳል። በስፒከሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ በማግኔት መካከል ተንጠልጥሎ፣ ኮረንቲው በተለወጠ ቍጥር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከርሱ ጋር የተያያዘው ወረቀትም አየሩን እንደ ገና ያጠብቀዋል፣ ያላላዋል፤ በመጀመሪያ ከዘፋኙ ጉሮሮ የወጣው መናወጥ ተመልሶ ተገኘ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከሚቀበለው ኃይል ስፒከሩ ድምፅ የሚያደርገው አንድ ከመቶ ያህሉን ነው፤ የቀረው ሁሉ ሽቦውን ያሞቃል። ጆሮም የራሱ ሕግ አለው፤ ድምፅ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማው ኃይሉ ዐሥር እጥፍ መሆን አለበት። 50 ዋት የነበረው 100 ሲሆን ጭማሪው 3 ዴሲቤል ብቻ ነውና፣ ለዚያች ጥቂት ልዩነት እጥፍ ዋጋ የከፈለ ሰው ብዙ አላተረፈም።

ይህን ካወቅን በኋላ በመደብሮች ካርቶን ላይ «10,000 ዋት ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» ተብሎ በትልቅ ፊደል የሚጻፈውን ነገር እንደ ሒሳብ ልንመለከተው እንችላለን። 10,000 ዋት ከ220 ቮልት መሥመር ለማግኘት ከ45 አምፔር በላይ ያስፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ እንደሚፈልግ የምታውቅ የቤት እመቤት፣ በቀጭን ገመድ የሚሠራ ሳጥን የሦስት ምጣድ ያህል ኃይል አለኝ ሲላት ልትስቅበት ይገባል። ይህ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚባለው ቍጥር ሁሉ የተስማማበት መለኪያ የሌለው፣ ሻጭ እንደ ፈቃዱ የሚጽፈው ነው። ካፓሲተሮቹ በቅጽበት ከመሥመሩ ከሚመጣው በላይ ሊሰጡ መቻላቸው እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ይህ ቅጽበት የተከማቸው ሲያልቅ ያልቃል፣ ዕቃው ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለውም ከሚወስደው አይበልጥም። በካርቶኑ አምኖ ድምፁን እስከ ጥግ የሚያዞር ሰው ደግሞ ሌላ ጉዳት ያገኘዋል፤ ሞገዱ የኃይል ክፍሉ ከያዘው ቮልቴጅ በላይ መውጣት ሲያቅተው ራሱ ይቆረጣል፣ የተቆረጠውም ጠርዝ ብዙ ቀጭን ድምፅ ወልዶ ትዊተር የሚባለውን የቀጭን ድምፅ ትንሽ ስፒከር ያቃጥለዋል። ትንንሽ ስፒከሮች የሚቃጠሉት ማጉያው ስለ በረታባቸው ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ አቅሙ አልቆበት ስለ ጮኸባቸው ነው።

እንግዲህ ዕቃ ሊገዛ ወደ ሳሪስም ሆነ ወደ መርካቶ የሚወርድ አንባቢ፣ ከፊት ለፊት የተለጠፈውን ትቶ ሳጥኑን ያዙረው፤ ከገመዱ መግቢያ አጠገብ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን፣ ዕቃው ከመሥመሩ ምን ያህል ዋት እንደሚወስድ ያንብብ፤ ከዚያም ቀጥሎ አር.ኤም.ኤስ. ተብሎ የተጻፈውን፣ ዕቃው ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይልና የስፒከሩን ኦም ይጠይቅ። እነዚህ የማይገኙበትን ዕቃ ዋጋው ምንም ቢረክስ አይግዛ።